በታጠነ ቅል የተቀመጠ ሲጋር

የቄስ ልጅ ነኝ። ትምባሆ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ አባቴም የሚያጨስ ሰው ባለፈበት ሲያልፉ የሚያማትቡ ሰው ነበሩ። ታዲያ በዚያ በክፉ ዘመን፣ በስድሳ ስድስት፣ የልጄ ነፍስ በሃያ ጥቅል ትምባሆ ላይ ተንጠለጠለች። ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም እስከ ዛሬ እላለሁ።

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ባለ ርስት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጌቶች ነበር የምንላቸው። ባሌ ሰሊጥ ሊቆርጥ ሁመራ ብሎ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ ይኑር ይሙት የሚነግረኝ አልነበረም። ጡት ያልጣለች የሁለት ዓመት ልጄን አዝዬ ነው የጌቶችን ቤት የምጠርገው፣ ወጣቸውን የምሠራው፣ ልብሳቸውን የማጥበው። ጌቶች አዲስ አበባ ሲመላለሱ ሲጋር የሚባል ነገር ለምደው መጡ። ጣት የሚያክል የትምባሆ ቅጠል ጥቅልል ነው። ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንዱን ይለኩሱና ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፤ እኔ ደግሞ ሽታው ሲያንገሸግሸኝ ኩሽና እገባለሁ።

ሲጋሩ የራሱ ሳጥን ነበረው። ውስጡ እርጥብ ስፖንጅ የሚቀመጥበት፣ የተወለወለ እንጨት ነው። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሳጥኑ ከበቅሎ ጭነት ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጌቶች ለሞተ ዘመድ እንኳ እንደዚያ ሲያዝኑ አላየኋቸውም። ወዲያው ፋሲካ አልፎ አዲስ አበባ ወታደሩ ተነሣ፣ ተማሪው ወጣ የሚል ወሬ መጣና የመሬታቸውን ነገር ሊያዩ እንደገና ለመሄድ ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት ጠሩኝ። ሃያውን ሲጋር በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከደረቀ እንደሚሰነጠቅ፣ ከረጠበ እንደሚሻግት ነገሩኝ። ዕቃ አያያዝ ታውቂያለሽ፣ መላ ፈልጊለት አሉኝ። የእህል ቤቱንም ቁልፍ አስረከቡኝ፤ አይጥና ነቀዝ እንዳይገባ በየቀኑ እየከፈትኩ እንዳይ። ለእኔና ለልጄ የሁለት ሳምንት ስንቅ ሰፈሩልኝ። በቅሎዋ ላይ ከወጡ በኋላ ዞር ብለው፣

«ሲጋሬን እንደተውኩት ካገኘሁት ልጅሽን ክረምቱን የሚያወጣት እህል እሰፍርልሻለሁ» አሉኝ። «ካላገኘሁት ግን አልተዋወቅንም።»

ያን ጊዜ ገበያው ላይ አንድ ቁና ማሽላ ለማግኘት ሰው በሬውን ይሸጥ ነበር። ከቆላ የመጡ ሰዎች መንገድ ዳር ተኝተው እዚያው ይቀራሉ። እህል እሰፍርልሻለሁ የሚል ሰው እግሩ ይሳማል፤ እኔም ሳምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሁሉ ሲጋር ሆነ። መጀመሪያ አዲስ ማሰሮ ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ቅጠሉ በጣቴ ስር ተንኮሻኮሸ፤ ለካስ ሸክላው እርጥበቱን ጠጥቶታል። ክው አልኩ። ቀጥሎ የጌቶችን የብስኩት ቆርቆሮ አጠብኩና እርጥብ ጨርቅ ጨምሬ ከደንኩት። በአራተኛው ቀን አንዱ ሲጋር ነጭ ሻጋታ አብቅሎ አገኘሁት። እሱን ጣልኩና የቀሩትን አሥራ ዘጠኙን አንድ በአንድ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁ። የምጠርገው የልጄን ምግብ እንጂ ትምባሆ አልመሰለኝም።

ከቤቱ ጀርባ ጋያ የሚያጨሱ አንድ ሽማግሌ እስላም ጎረቤት ነበሩን። ሲጋሩን በነጠላዬ ስር ደብቄ ሄድኩ። የቄስ ልጅ ትምባሆ ልትማር መጣች ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ግን ሲጋሩን ተቀብለው አሸተቱ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉ። ሸክላ ይጠጣዋል፣ ቆርቆሮ ያፍነዋል፣ ቅል ግን ይሻለዋል አሉኝ። በእርጥብ ኮባ ጠቅልዪው፣ ኮባው ቢጫ ሲሆን ለውጪው፣ ጠዋት ጠዋት በጣትሽ ጫን በዪው፤ ጎድጎድ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው አሉ። ልወጣ ስል «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በፊት እንዲያ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ሆዴ ባባ።

ጥሩ ቅል መረጥኩ፤ ወፍራም፣ አፉ ጠበብ ያለ። አጠብኩት፣ በፀሐይ አደረቅሁት። ከዚያም፣ እጄ ይቆረጥ፣ በወይራ አጠንኩት። እኛ አገር ወተት ይሁን ጠላ ባልታጠነ ዕቃ አይቀመጥም፤ ቅል ሳታጥን የምታስቀምጥ ሴት ባለሙያ አትባልም። እናቴ ከሁሉ በፊት ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። ሽማግሌው አታጥኚ አላሉኝም፤ ወንድ ናቸው፣ የዕቃ ነገር ከየት ይመጣላቸዋል። የወይራውን ፍም አገላብጬ ጢሱ ቅሉ ውስጥ እስኪጠግብ ያዝኩት። ሲያበቃ ሽታው ልብ ያርሳል። ሲጋሩን በኮባ ጠቅልዬ ከተትኩት። በማግስቱ በጣቴ ጫን አልኩት፤ ጎድጎድ ብሎ ተመለሰ። በልጄ ጆሮ፣ «ክረምቱን ወጣሽ» አልኳት።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ፤ ጌቶች አልመጡም። ስንቁ አለቀ። ወሩ ሞላ። ጡቴ ነጠፈ። ልጄ መጀመሪያ መሄድ ተወች፣ ቀጥሎ መቀመጥ፣ ቀጥሎ ማልቀስ። የማታለቅስ ልጅ ምን ያህል እንደምታስፈራ የማያውቅ ሰው አይወቅ። ጎረቤት ለመንኩ፤ ለማን ተርፎት። እኔ ግን በየጠዋቱ የእህል ቤቱን እከፍት ነበር። ገብሱና ማሽላው እስከ ማገሩ ድረስ ተቆልሏል። አይጥ አያለሁ፣ ነቀዝ አያለሁ፤ መሬት የወደቀውን ፍሬ እንኳ ለቅሜ ወደ ክምሩ እመልሰዋለሁ። ከዚያ እቆልፋለሁ። ቁልፉን በመቀነቴ አስሬ ወደ ሲጋሩ እሄዳለሁ።

አባቴ ከወግዲ በኩል በእግራቸው መጡ። ወገባቸውን በገመድ አጥብቀው ነበር። ከደጀ ሰላም የደረሰቻቸውን ቁራሽ ዳቦ ለልጄ አኘኩላት። ሁሉን ነገርኳቸው፤ አንድ እፍኝ ብወስድስ አልኳቸው። አባቴ መሬት መሬት እያዩ፣ አደራ እንዳልበላ፣ ጌቶች ዛሬ ነገ እንደሚመጡ፣ እግዜር እንደማይተወን ነገሩኝ። እኔም ይህንኑ ፈልጌ ነው መሰለኝ የጠየቅኋቸው። አባቴን ሸኘሁና፣ ሌባ ተብዬ ክረምቱን በሙሉ ከማጣ ጥቂት ቀን ልታገሥ አልኩ።

ጌቶች አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዎች አስከትለው ገቡ። ውሃ እንኳ ሳላቀርብ ቅሉን ይዤ ሮጥኩ። ከኮባው ፈትተው አንዱን ጫን አደረጉትና ፊታቸው በራ። አበጀሽ አሉኝ። እንባዬ መጣ። ከዚያ ለኮሱት።

አንድ ሳቡ፣ ሁለት ሳቡና ተፉት። የእርጎ ዕቃ ነው እንዴ ያጠጣሽኝ አሉ። ዕቃው ንጹሕ ይሁን ብዬ ቅሉን እንዳጠንኩት ነገርኳቸው። ሁለቱ ሰዎች ሳቁ። ጌቶች አልሳቁም፤ ሌላ ለኮሱ፣ እሱንም ጣሉት። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ጌታዬ፣ ለሲጋሩ እኔን ይቅጡኝ» አልኳቸው። «ልጄ ግን እየሞተችብኝ ነው። ለሷ ይስፈሩላት።»

«እንደተውኩት ካገኘሁት ነው ያልኩሽ» አሉ። አዲስ አበባ መሬታችንን ሊወስዱብን እየዶለቱ ነው፣ እህል የሚበተንበት ጊዜ አይደለም ብለው ለሰዎቹ ጨመሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ጠየቁኝ።

ቁልፉን ከመቀነቴ ፈታሁ። አልሰጠኋቸውም። እያዩኝ ወደ እህል ቤቱ ሄጄ ከፈትኩ፣ በቀሚሴ እቅፍ ሙሉ ገብስ ዘገንኩ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። ጮኹብኝ፤ ሰዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ግን ማንም እጄን አልያዘም። ያን ያህል ቀላል ነበር። ፈጨሁ፣ ሙቅ አፈላሁ፣ አበረድኩ፣ በጣቴ እየጠለቅሁ አፏ ውስጥ አደረግሁላት። በአፏ ጥግ ወርዶ አንገቷ ላይ ፈሰሰ። ጠርጌ ደግሜ ሰጠኋት። እሱም ፈሰሰ።

አንዲት ጎረቤቴ መጥታ ልጄን ከእቅፌ ወሰደች። ጉሮሮዋን በእጇ ዳበሰችና፣ አይ፣ አሁንስ ተዘግቷል፣ ትናንት ወይ ከትናንት ወዲያ ብታገኚላት ኖሮ ትውጠው ነበር አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ ከየት ታገኚ ነበር፣ ምን ታደርጊ፣ አታልቅሺ እያለች። ቁልፉ እኔ ዘንድ እንደነበር አታውቅም። አልነገርኳትም።