ስለ ጡሩምባዋ የቀረበ አቤቱታ

እኛ ፎቅ ላይ ወሬ ለመስማት ጆሮ መጣል አያስፈልግም ነበር፤ ወሬው ራሱ እየመጣ ጆሮ ውስጥ ይገባል። «አባባ! እማዬ ሩዙን አሳረረችው!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ሦስት ፎቅ ሙሉ ሰው የሩዙን መርዶ ይሰማል። «አባባ! አክስቴ መጥታለች! የለም በሉ ተብለናል!» ይባላል፤ አክስትየዋ ገና ደረጃ እየወጣች ትሰማና ወደ መጣችበት ትመለሳለች። የድምፁ ባለቤት ስድስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ከበር እጀታ ብዙም አይበልጥም። ጎረቤቱ «ጡሩምባ» የሚል ስም አወጣላት፤ እሷም እንደ ሙገሳ ቆጥራው ስትጠራበት ደስ ይላታል። እኔ የምኖረው በራቸው ፊት ለፊት ነው። ወሬ እወዳለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? ስለዚህ በልጅቷ አንድም ቀን ተማርሬ አላውቅም።

የምትገርመኝ እናቷ ነበረች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ እንደሷ አፉ የተቆለፈ ሰው ግን አላየሁም። መንገድ ዳር ባለችው፣ ሁለት ወንበር ብቻ በምትይዝ ጠባብ ቤቷ ቆማ ትውላለች። ደንበኛው ሁሉ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጦ ጭንቅላቱ ሞቅ ሲለው ሆዱን ይዘረግፋል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን አማት ምን እንዳለች። እሷ የፀጉር ማስያዣውን በጥርሷ ነክሳ «እህ» ትላለች፤ በቃ። ማስያዣውን የምትነክሰው መልስ ላለመስጠት ነው እያልን እናሾፍባታለን። እኔ ስንት ጊዜ ፀጉሬን ሰጥቻት ተቀምጫለሁ፤ ተተኩሼ ወጣሁ እንጂ የረባ ወሬ ይዤ አልወጣሁም። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ያውቀዋል። እቤት አብረው የሚውሉት ጡሩምባና አያቷ ናቸው።

አያትየው፣ የፀጉር ሠሪዋ አባት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አሸንዳ ይሠራሉ፣ ባልዲ ይሠራሉ፣ የጭስ ማውጫ ይሠራሉ። መዶሻው ልጆች አሳደገላቸው፤ ጆሯቸውን ግን ይዞባቸው ሄደ። ያኔ እኛ ይህን አናውቅም። እሳቸውም ቢሆኑ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላምንም ባይ ናቸው። «እኔ በደንብ እሰማለሁ፤ የዘንድሮ ሰው ነው የሚያንሾካሹከው» ይላሉ አሉ። ደረጃ ላይ ሰላም ስንላቸው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ያልፋሉ። እኛም «አቤት ቁጥብነት! አቤት ጨዋነት!» እያልን እናከብራቸው ነበር። እሳቸውም ያቺን ክብር ይወዷታል። ጡሩምባ አፏን የፈታችው በእሳቸው ጆሮ ሥር ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ጣጣው የመጣው ከእነሱ ሥር ያለውን ቤት ዳቦ ጋጋሪ ሲከራየው ነው። ሌሊቱን ሊጥ ሲያገላብጥ ያድርና ጠዋት ይተኛል። እንግዲህ ይሞክራል ማለት ይሻላል። ዓይኑ ቲማቲም መስሎ ደረጃውን ይወጣና በሩን ይቆረቁራል።

«እህቴ፣ እኔም እኮ ሰው ነኝ! ይቺን ልጅ ተይ በያት!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ወንድሜ፣ ይቅርታ» ትለዋለች።

«አባቴ አይሰማም» የምትል አንዲት ቃል ጣል ብታደርግ እኮ ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ ነበር። ግን አባቷን ማን አዋርዶ? ሆድ ይፍጀው አለችና ስድ አሳዳጊ መባሉን መረጠች። ምንጣፍ ላይ ምንጣፍ ደረበች፤ መስኮት ዘጋች፤ በከረሜላ ለመነች። ምንም ጠብ አላለም። በመጨረሻ ልጅቷን ማንሾካሾክ አስተማረቻት። የልጅ ነገር፣ ጡሩምባ አዲስ ጨዋታ መስሏት ተካነችበት።

ቤቱ ጭጭ አለ። ጋጋሪው ተኛ። እኔ ወሬ ጠማኝ። አያትየው ግን ከሰውነት ተራ ወጡ። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እሳቸው ያዩዋታል፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው ይነካኩና ይተዉታል። አንድ ቀን ልጃቸውን ጠሯትና «ጡሩምባ ያኮረፈችኝ ምን በድያት ነው?» ብለው ጠየቋት። ፀጉር ሠሪዋ ይህን በኋላ ስትነግረኝ ማስያዣውን ከአፏ አውጥታ ነበር፤ ዓይኗም እንባ አቅርሮ። በማግሥቱ ልጇን ጠርታ «እንደ ድሮሽ አውሪ፤ የመጣው ይምጣ» አለቻት።

የመጣውማ እሁድ ከሰዓት መጣ። ጋጋሪው የፎቁን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡትን አስተማሪ፣ አስቀድሞ በሩን አንኳኳ። እኔም ጎረቤት አይደለሁ ብዬ ተከተልኩ፤ ማንም አልጠራኝም። አያትየው እንግዳ ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። ወንበር አስጠጉ፤ ጡሩምባንም በግራ ጆሯቸው በኩል አቆሟት። እናትየዋ «ልጅቷ ጓዳ ትግባ» ብላ ነበር፤ ማን ይስማት?

ሰብሳቢዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቅሬታ በለሰለሰ ድምፅ ነው የሚነገር፤ ደንቡ ነው።

«አባት፣ የመጣነው ለክፉ አይደለም…»

«አባባ! ለክፉ አይደለም የመጣነው እያሉ ነው!» አለች ጡሩምባ። ሰብሳቢዋ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«እንዲያው ስለ ልጅቷ ጩኸት ትንሽ…»

«ስለ እኔ ነው አባባ! ጩኸቴ እንቅልፍ ነስቶት ነው! ይሄኛውን! ዓይኑ የቀላውን!»

«አንቺ ልጅ!» አሉ ሰብሳቢዋ፣ የክፍል ውስጥ ጣታቸውን ቀስረው። «ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ዝም ይባላል። ለእሳቸው እኛው እንነግራቸዋለን።»

ጡሩምባ ታዛዥ ናት፤ አፏን በሁለት እጇ ግጥም አደረገች። ሰብሳቢዋ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ በዝግታ ዘረዘሩት። አያትየው አፍ አፋቸውን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ጋጋሪው «ታዲያ ምን ይሻላል ይላሉ?» ሲል፣ ፈገግ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት።

«ምን?»

«አሜን፣ አሜን።»

ጋጋሪው ደሙ ፈላ። የተሾፈበት መሰለው። ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞሮ «አባትሽ ይሄ፣ አንቺ እንዲህ! ስድ አሳዳጊ አንቺው ነሽ!» አላት። እሷም አንገቷን ደፍታ «ልክ ነህ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ማለት አልነበረባትም። እኔ በወንበሬ ላይ እየተቁነጠነጥኩ ነበር።

አያትየው የልጃቸውን የተደፋ አንገት አዩ። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ጡሩምባ፣ እናትሽን ምን አሏት?»

ልጅቷ እናቷን አየች፤ ሰብሳቢዋን አየች። ከዚያ እጇን ከአፏ ላይ አነሣች።

«ስድ አሳዳጊ አሏት አባባ! እሷም አጥፍቻለሁ አለች!»

አያትየው የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ቀስ ብለው ቆሙ።

«እሷ ምን አጠፋች?» አሉ። ድምፃቸው ለካ እንዲህ ትልቅ ነው! «ልጅቷስ ምን አጠፋች? እኔ ነኝ። እኔ አልሰማም። ጆሮዬ ከሄደ ቆየ፤ አፍሬ ነው የደበቅሁት። ልጄም እኔን ብላ ስትሰደብ ኖረች። ይቺ ሕፃን ዝም ካለች ለእኔ ዓለሙ ሁሉ ዝም አለ።»

ፀጉር ሠሪዋ «አባዬ» ብላ እጃቸውን ያዘች። ስንት ዘመን የጠበቀችላቸውን ነገር ራሳቸው አፍርጠውት ተቀመጡ፤ ፊታቸው ላይ ግን እፎይታ እንጂ ኀፍረት አላየሁም። እኔ እንባዬ መጣ፤ አላፍርም።

ጋጋሪው የሚገባበት ጠፋው። ተነሣና ከአያትየው ወንበር አጠገብ በርከክ አለ። ደረቱን በአየር ሞላ።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ! አላወቅሁም!»

ቁም ሣጥኑ ላይ የነበሩት ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

«እኔ የምተኛው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው! ያኔ ግቢ ወርዳችሁ ፀሐይ ብትሞቁስ! ከሰዓት በኋላ ቤቱ የናንተው ነው!»

«ግቢው ጥሩ ነው!» አሉ አያትየው፣ እሳቸውም በበኩላቸው እየጮሁ። «ድሮም ለሠራተኛ ሰው እንቅልፍ ይገባዋል!»

«ትኩስ ዳቦ አመጣልዎታለሁ!»

«ጥርስ የለኝም! ለስላሳ ለስላሳውን!»

ሰብሳቢዋም ይሉኝታቸውን ጥለው ገቡበት፤ ለካ የአስተማሪ ጉሮሮ ጡረታ አይወጣም። ሦስቱ ሲጯጯሁ ቤቱ ገበያ መሰለ፤ ፀጉር ሠሪዋ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። በዚህ መሃል በሩ በኃይል ተደበደበ። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ተማሪ ናት፣ መጽሐፏን ታቅፋለች።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ነገ ፈተና አለብኝ! ያቺን ልጅ ዝም አሰኙልኝ!»

ጡሩምባ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች።

«እኔ አይደለሁም! ጋጋሪው ነው!»

ከዚያም ሥራዋ ነውና ወደ አያቷ ግራ ጆሮ ተጠጋች።

«አባባ! ጋጋሪው ያለውን ልድገምልህ?»

«ተዪው ልጄ» አሉ አያትየው፣ ጋጋሪውን ትከሻውን ይዘው። «የእሱን ራሴ ሰምቻለሁ።»