እትዬ አስካለን እልል ያሰኘሁበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ ሄጄ፣ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ ብዬ ተመልሻለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ እንግዲህ ስሙኝ።

ዘጠናዎቹ መካከል ላይ ነው። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ከእትዬ አስካለ ጋር በር ለበር ነበርን። ባላቸውን ሱዳን ቀብረው፣ አንድ ልጃቸውን ኤርሚያስን ይዘው የመጡ ሴት ናቸው። ኤርሚያስ የተሰደድንበት አገር ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር አብራሪ ለመሆን ምሥራቅ ጠረፍ ይሠለጥን ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አማርኛው ስብርብር ያለ፣ ሳቂታ ልጅ። ለእረፍት ሲመጣ እኔ ቤት ሶፋው ላይ ተዘርግቶ፣ "እቴቴ፣ ሄሊኮፕተሩ ውሃ ውስጥ ከገባ ቀበቶ ቶሎ አትፈቺም። ዌይት ታደርጊያለሽ። ውሃው ሲሞላ ነው የምትወጪው" ይለኝ ነበር። "አፈር ስሆን፣ ተው እንዲህ ያለ ነገር አታውራብኝ!" እለዋለሁ። ይስቃል። ዛሬም ገላዬን ስታጠብ ውሃው ፊቴን ሲነካው ያ ሳቁ ይመጣብኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሺፍት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ እትዬ አስካለ በሬን አንኳኩ። "ነይ እስቲ ልጄ፣ ሰዎች መጥተው ምን እንደሚሉ አልገባኝም።" ሁሌም አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ፤ ሐኪም ቤት እኔ፣ ዌልፌር ቢሮ እኔ። ስገባ አንድ መኮንንና ኮሌታው ላይ መስቀል ያለበት የባሕር ኃይል ቄስ ቆመዋል። መኮንኑ ተናገረ። ጠዋት መርከብ ላይ ማረፍ ሲለማመዱ ሄሊኮፕተሩ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ኤርሚያስን አውጥተውታል፤ ግን አልተረፈም።

እትዬ አስካለ አፍ አፌን ያያሉ።

ምን ላድርግ? መርዶ እንዲህ ይነገራል? በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ብቻዋን ለቆመች እናት? ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስቤ በወጉ እናረዳቸዋለን ብዬ አሰብኩ። እስከዚህ ድረስ እንኳ ጥፋት የለብኝም እንበል። ግን "ታሟል" ማለት እችል ነበር። "ትንሽ ተጎድቷል" ማለት እችል ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው። እኔ ፈሪዋ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝና ምን አልኩ? "ኤርሚያስ ተመርቋል። የአብራሪ ክንፉን ደረቱ ላይ ለጥፈውለታል፤ እንኳን ደስ ያለዎት!"

"ቄሱስ ለምን መጣ?" አሉኝ።

"ሊመርቅዎት።"

እልል አሉ። እልልታቸው በኮሪደሩ አልፎ ኤሌቬተሩ ድረስ ተሰማ። የቄሱን እጅ ሳሙ። ቄሱ እንባው ወረደ፤ መኮንኑ ግራ ገብቶት ወደኔ ዞረ። "በእኛ አገር ሐዘን እንዲህ ነው" አልኩት። አዎ፣ ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ። ሣጥኑ ሳይታሸግ ልጃቸውን ማየት ከፈለጉ ዛሬውኑ ይዘናቸው እንሄዳለን ሲልም፣ ሳልጠይቃቸው "ኖ፣ አይችሉም" ብዬ መለስኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከስካርቦሮም ከሬክስዴልም የጠራኋቸውን ሰዎች አስከትዬ በራቸውን አንኳኳሁ። ለሰዎቹም ማታ ስልክ ተደውሎልኝ ነው የሰማሁት ብያቸዋለሁ። እትዬ አስካለ ነጭ ለብሰው ከፈቱ። ቤቱ ዳቦ ዳቦ ይሸታል።

"ለደስታዬ በዚህ ማለዳ መጣችሁ? ግቡ፣ ግቡ!" አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም።

ሣጥኑ ታሽጎ መጣ። "ፊቱን ብቻ" ብለው ለመኑ፤ "አይፈቀድም" ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። በቀብሩ ላይ መኮንኑ ሲናገርም የሞተበትን ሰዓትና ገና አለመመረቁን እየዘለልኩ ተረጎምኩ። ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሉት። "እኔ ነኝ የበላሁት። ሰው ፊት እልል ብዬ፣ ለሰው ዓይን ሰጥቼው። እልል ባልል ኖሮ ልጄ ይተርፍልኝ ነበር።"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እልል ሲሉ እሱ ሞቶ ነበር፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ማለት ብቻ! ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ያንኑ ይደግሙልኛል። እኔም "ኧረ ይተዉ፣ የእግዜር ሥራ ነው" እላቸዋለሁ። የእግዜር ሥራ! የእኔን ሥራ ለእግዜር ሰጠሁት። ለምን ዝም አልኩ? እንዳይጠሉኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈልጌም አላገኘሁም።

በመጨረሻ ታመው ሆስፒታል ሲተኙ አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።

"ልጄን ሳገኘው ምን እለዋለሁ?" አሉኝ። "ይቅር ይለኝ ይሆን?"

"ይልዎታል" አልኳቸው። ያኔም አልነገርኳቸውም። ልጃቸውን የገደሉ መስሏቸው ሞቱ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። መጠየቅ የነበረብኝ እሳቸውን ነበር፤ እጃቸውም እጄ ውስጥ ነበር።