የተዋስናቸው አራት ቸርኬዎች

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። ከሆሳዕና የመጣሁት ፋብሪካ ለመግባት ነበር፤ በሩ ላይ "ሰው ሞልቷል" ሲሉኝ ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግኑት ጋሽ ዘለቀ ጋ ቀረሁ። የመጀመሪያው ቀን አንድ የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ሰጡኝና "ማርቆስ፣ የሚተነፍስበትን ፈልግ" አሉኝ። ገንዳ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ እስከ ምሳ ሳገላብጠው ዋልኩ። አረፋ የለም። ለካ ደህናውን ነው የሰጡኝ። "የሌለውን ቀዳዳ አገኘሁ ብትለኝ ኖሮ አሰናብትህ ነበር" ብለው ምሳ ጋበዙኝ። ምሳው ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን እየተናደድኩ ነው የበላሁት።

ከእሳቸው ጋር ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ ክሪክ አቀባይ፣ ቀጥሎ ለጣፊ፣ በመጨረሻ ቸርኬ የሚባለውን የተጣመመ የጎማ ብረት አቃኝ ሆንኩ። ከዚያ ቡራዩ፣ የአምቦ መንገድ ዳር፣ የራሴን ቆርቆሮ ቤት ከፈትኩ።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ጎሚስታ መሆን ፈተና ነበር። ወጣቶቹ መንገድ ላይ የሚያቃጥሉት አሮጌ ጎማ ይፈልጋሉ፤ ፖሊስ ደግሞ ጎማውን ማን ሰጣቸው ብሎ ይመጣል። አንድ ጠዋት ደጄ ላይ የከመርኩት አሮጌ ጎማ በሙሉ ጠፍቶ አገኘሁት። ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ መጥቶ "የት አደረስከው?" ሲለኝ "እኔም አንተን ልጠይቅ ነበር" አልኩት። አልሳቀም።

ኦቦ ቶሎሳ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ሁለት በር ያላት አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና አለቻቸው። ቸርኬዎቿን ሌባ ፈትቶ ከወሰደ ወዲህ ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ እሑድ እሑድ ሞተሯን ያስነሱላታል። አሁን ግን ግቢው ለፋብሪካ ተሰጥቷል፤ ሰኞ ዶዘር ይገባል ተብለዋል።

"ቤቱን ማዳን አልቻልኩም" አሉኝ። "መኪናዋን ግን ለብረት ለቃሚ ትቼ አልሄድም። ሆለታ፣ ወንድሜ ግቢ ላድርሳት። የጭነት መኪና ለምኜ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ማን ደፍሮ ይመጣል? በእግሯ ትሂድ።"

እኛ የቸርኬ ልክ የምንወስደው በካርቶን ነው። ጎማው የሚታሰርበት ብረት ላይ፣ ቡሎን በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ግራሶ ይቀባል፤ ካርቶኑ ይለጠፍና በመዳፍ ይታሻል። ቀዳዳዎቹ ታትመው ይወጣሉ። እንዲያ አድርጌ ካርቶኑን ታቅፌ መርካቶ ወረድኩ።

ሶማሌ ተራ ያሉት የመለዋወጫ ነጋዴዎች የመኪናዋን ስም ስነግራቸው ሳቁብኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ሱቅ በሱቅ ዞርኩ። በመጨረሻ አንዱ ባለ አራት ቀዳዳ የጃፓን ቸርኬ አወጣልኝ። ሲያዩት ልክ ይመስላል። ካርቶኑን አስቀመጥኩበት። አንዱን ቀዳዳ ስገጥመው ፊት ለፊቱ ያለው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻል።

"ወንድሜ፣ ሁለት ሚሊ ምን ይሠራል? ቡሎኑ ሲጠብቅ ይስበዋል" አለኝ ነጋዴው።

እውነቱን ነው፣ ይስበዋል። ቡሎኑ ተንጋዶ ይገባል፣ የጠበቀ ይመስላል፣ ከዚያ መንገድ ላይ እየላላ ይመጣል። ስንቱ ጎሚስታ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ቁልፉ እምቢ ሲል ጠበቀ ብሎ ያምናል። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ተቆጡ። "ለአንድ ቀን መንገድ ነው። መኪናዋ የእኔ፣ ነፍሱም የእኔ።"

"ነፍሱስ የአንቱ ይሁን። ተፈትቶ የሚበረው ጎማ ማንን እንደሚያገኝ ግን አላውቅም። አልገጥምም።"

"ጎሚስታ ነህ ወይስ ሰባኪ?" ብለው ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ቅዳሜ ነበር። በዚያው ቀን በተቃውሞው መንገዱ ተዘጋ።

እሑድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንድ ላዳ ታክሲ ደጄ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ መስፍን የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሰው አምጥቶ መመለሻ አጥቶ መኪናው ውስጥ አድሯል። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ ዓይኔ ቸርኬው ላይ ዐረፈ። ላዳ የተሠራው በጣሊያን መኪና ንድፍ ነው፤ ይህን የማያውቅ ጎሚስታ የለም። እኔ ግን የስፖርት መኪና ሲሉኝ የስፖርት ቸርኬ ፍለጋ ስባዝን ሰነበትኩ፤ ላዳ በሐሳቤም አልመጣም። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

አስፈቅጄ አንዱን ጎማ ፈታሁ። ካርቶኑ ዐረፈ፤ አራቱም ቀዳዳ ገጠመ።

ነገሩን አስረዳሁትና "እስከ ማታ አውሰኝ" አልኩት።

መስፍን ፊቱን በሹራቡ ጠረገ። "መኪናው የሰው ነው፤ ለባለቤቱ በየቀኑ አስገባለሁ። መንገዱ ዛሬ ቢከፈትስ?"

"ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ሱቄ መያዣ ይሁንህ።"

"ሱቅህ ቆርቆሮ ነው" አለኝ። ከዚያ "ሽማግሌው ቤታቸው ነው የሚፈርስባቸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ፍታ።"

ላዳውን ድንጋይ ላይ አቁሜ አራቱንም ፈታሁ፤ ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ገብቼ ቡሎኖቹን በጣቴ አዞርኳቸው። ያለ ክርክር እስከ መጨረሻው ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ ከኋላዬ ቆመው "ሰባኪው ተሳካለት" አሉ። መንገዱ ዝግ ቢሆንም ለሰኞው ዶዘር መቅደም ነበረብን፤ እሳቸው እየነዱ፣ እኔ ጎናቸው ሆኜ ወጣን።

መናገሻ ሳንደርስ ድንጋይ ተደርድሯል። ወጣቶች ከበቡን። ፈርቼ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ መስኮቱን አውርደው "አካም ቡልታን?" ብለው ሰላምታ ሰጧቸው፤ ከዚያ ረጋ ብለው በኦሮምኛ ስለ ግቢያቸው ነገሯቸው። አንዱ ወጣት ድንጋዩን መግፋት ጀመረ፤ ሌሎቹም አገዙት። ስናልፍ "ነጋን ገላ፣ ኦቦ" አሏቸው፤ በሰላም ይግቡ ማለታቸው ነው።

ሆለታ ስንደርስ ወንድማቸው ቸርኬዎቹን አይቶ "መንገዱ ዝግ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆዩ ማን ይሞታል?" አለ። እኔ መልስ ልሰጥ ስል ኦቦ ቶሎሳ ቀደሙኝ።

"ድንጋይ አምጡ" አሉ። "ማርቆስ፣ ፍታ። የሰው እንጀራ ነው።"

መኪናዋን መልሼ ድንጋይ ላይ አሳረፍኳት። እሳቸው ኮፈኗን በእጃቸው እየጠረጉ ነበር።

ባለ ጋሪ ለምኜ ጎማዎቹን ከነቸርኬያቸው ጫንኩና በእርሻ መንገድ ተመለስኩ። ቡራዩ ልንገባ ስንል ከዋናው መንገድ ጥሩምባ ሰማሁ። መንገዱ ተከፍቷል። ሚኒባሱ ይበራል፣ እኔ ፈረስ እለምናለሁ። ከጋሪው ወርጄ እየገፋሁ ነው የገባሁት።

ላዳው ድንጋይ ላይ ነው። ዙሪያውን ሻንጣ የያዙ መንገደኞች ቆመው "በልቶህ ሄዷል" ይሉታል። መስፍን ክሪኩ ላይ ተቀምጧል።

"ይመጣል አልኳቸው" አለኝ። ቡሎኖቹን ራሱ በጣቱ እያስገባ "ሽማግሌውስ?" አለኝ።

"ደረሱ።"

መንገደኞቹን ጭኖ ሄደ። ሰኞ የኦቦ ቶሎሳ ቤት ፈረሰ። ለመኪናዋ ከወደቀ ላዳ ቸርኬ ገዝቼ የገጠምኩላት ኋላ ነው።

ለምትከተሉን ጎሚስታዎች የምለው ይህን ነው። ቡሎን በጣት እስከ መጨረሻው ካልገባ በቁልፍ አታስገድዱት። የተዋሳችሁትን ቸርኬ ደግሞ በሰው አትላኩ፤ ራሳችሁ መልሱ።