የልጄ ራስ ቅርፊትና የሐጂ ግማሽ ጸጉር

መንደራ ቆጪ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ ጸጉር ቤት አለኝ። ከአሥር ዓመት በላይ የሰው ራስ ስነካ ኖሬያለሁ። ፎረፎርን ከቆረቆር፣ የጭንቀት መላጣን ከዘር መላጣ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሳይነግረኝ እለያለሁ። የገዛ ልጄ ራስ ላይ የወጣው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ግን አቃተኝ።

ሴት ልጃችን በተወለደች በሁለተኛው ወር መሐል አናቷ ላይ ቢጫ፣ ቅባት ቅባት የሚል ቅርፊት ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ «ራሱ ይለቃል፣ ተዉት» አለን፤ ተውነው። ዓመት ከሦስት ወር ሞልቷት፣ ወዲያ ወዲህ እየሮጠች ወንበር መገልበጥ ስትጀምርም አልለቀቀም። እንዲያውም ወደ ግንባሯ ወርዶ ነበር። ሌላ አባት ቢሆን ይጨነቅ ይሆናል፤ እኔ ጭንቀቱ ላይ እፍረት ተጨመረብኝ። የጸጉር አስተካካይ ልጅ እንዲህ ያለ ራስ ይዛ ስትታይ ሰው ምን ይላል? ባለቤቴ ሳታይ በጥፍሬ እየፈለፈልኩ ላነሳው ሞከርኩ። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ቅርፊቱም በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት። ልጅ የምትይዝልን ሴት በቀረች ቀን ልጅቷን እኔ ነኝ ወደ ሥራ ይዣት የምሄደው። ስለዚህ ከአገጭ ሥር የሚታሰር የክር ኮፍያ ገዛሁላት። ልጄ ደግሞ ኮፍያ አትወድም። አስሬላት ዞር ስል ኮፍያው መሬት ላይ ነው።

በዚህ መሐል አማቴ ከአጋሮ ሊጠይቁን መጡ። የልጅቷን ራስ አይተው «ደርቆባት ነው እኮ፤ ምን አስጨነቃችሁ?» አሉና ይዘውት ከመጡት ቅቤ በሁለት ጣታቸው ዝቀው አናቷ ላይ ለጠፉባት። ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ቀቧት። ቅርፊቱ ላይ ቅቤ፣ ቅቤው ላይ አቧራ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ስገባ የጎረቤት ድመት ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠችው ልጄ ጀርባ ቆማ አናቷን ትልሳለች። ልጄ ዓይኗን በደስታ ጨፍናለች። ድመቷን ላባርር ስል አማቴ «ተዋት፣ ታጽዳላት» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ልጅቷ እኔ ጋ ነበረች። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እዚሁ ከተማችን መርካቶ ቡና የሚነግዱ አንድ ሐጂ ናቸው። ከጁምዓ በፊት ጸጉራቸውን የሚያስተካክሉት ሁልጊዜ እኔ ጋ ነው። ቶንዶሱን ከቀኝ ጆሯቸው አስነስቼ መሐል አናታቸው ላይ እንደደረስኩ ልጄ ኮፍያዋን ጥላ መጣችና ጉልበታቸውን ያዘች። ሊስሟት ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ቅርፊቱ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«ምንም አይደለም ሐጂ። የልጅ ነገር ነው።»

«ቆረቆር ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ውሸት አልመጣልኝም። «አላውቅም» አልኳቸው።

«አስተግፊሩላህ» ብለው ተነሱ። አንገታቸው ላይ ያሰርኩትን ጨርቅ ራሳቸው ፈቱት፣ ቶንዶሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ግማሽ ራሳቸው ላይ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ስልክ ተደወለለት፤ ስልኩ ሲጮህ ግን አልሰማሁም። ሌላው ምክንያት እንኳን አልፈለገም።

ባለቤቴ ስትሰማ «አሥር ዓመት ሙሉ ራስ አይተህ፣ አንድ ራስ ጤና ጣቢያ መውሰድ አቃተህ?» አለችኝ። ሰኞ ፈቃድ ጠይቃ፣ አማቴንም ይዘን ሄድን።

ነርሷ ገና ጎንበስ እንዳለች «ቅቤ ነው?» ብላ ጠየቀች። አማቴ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«በጥፍር የሚፈለፍላትስ ማነው?»

እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

አልተቆጣችንም። ብዙ ሕፃናት ላይ የሚወጣ ቅርፊት እንደሆነ፣ ከቆሻሻ እንደማይመጣ፣ አንዳንዱ ልጅ ላይ ከዓመት በላይ እንደሚቆይ አስረዳችን። ትንሽ የሕፃናት ዘይት ቀብተን ሲለሰልስ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለን እንድናሸው፣ ከዚያ ዘይቱ እንዳይቀር በሕፃናት ሻምፖ እንድናጥባት ነገረችን። ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ተመልሰን እንድንመጣም አሳሰበችን።

«ይጋባል?» አልኳት።

«አይጋባም።»

«ሲስተር፣ እሷን ቃል በወረቀት ይጻፉልኝ።»

«ለማን?»

«ለደንበኞቼ።»

ሳቀች፤ ግን ጻፈችልኝ። ወረቀቱን መስታወቱ ጥግ ላይ ለጠፍኩት። ጥቅሙን አላየሁም። ወሬውን ጨርሶ ያልሰሙ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ጨርቁን ሳስርላቸው «የማይጋባው ምንድነው?» ማለት ጀመሩ። ባለቤቴ ቅዳሜ መጥታ ገንጥላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዋናው ፈተና ማጠቡ ነበር። ቤት ውስጥ ለሦስት ይዘናት አልቻልናትም፤ ዘይቱ እኛ ላይ አለቀ። እሑድ ጠዋት ወደ ጸጉር ቤቱ ወሰድኳት። ትልቁ ወንበር ላይ የልጆች መቀመጫ ጣውላዬን አጋድሜ፣ እሷን አስቀምጬ፣ ጨርቁን አንገቷ ላይ አስሬ «እንዴት ላድርግልዎት፣ እመቤቴ?» አልኳት። ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የውሃ መርጫውን አስያዝኳት። እኔ አናቷን ሳሽ፣ እሷ ፊቴን ትረጫለች። ቅርፊቱ እንደ ራሰ ወረቀት ብሩሹ ላይ ሲቀር አየሁ። በየሁለት ቀኑ እንዲሁ እያደረግን ከሥሩ ንጹሕ ቆዳ ብቅ አለ፤ ከዚያም በጣቴ መካከል እንዳለ እንኳን የማይታወቅ ስስ ጸጉር። ያን ሁሉ ራስ ነክቼ እንዲያ ያለ ነክቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓርብ ሐጂ በሩ ላይ ቆሙ። ኮፍያቸው ቅንድባቸው ድረስ ወርዷል።

«ይግቡ እንጂ ሐጂ» አልኳቸው።

«ሌላ ጸጉር ቤት ብሄድ፣ ማነው ጀምሮ የተወዎት ይሉኛል» አሉ። ገባ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቤት ውስጥም ኮፍያዬን አላወልቅ ስል ሚስቴ ጠረጠረችኝ። ስለ ልጅህ ራስ ነገርኳት። ‹ስድስቱም ልጆችህ ሲወለዱ እንዲህ ያለ ነበራቸው፤ አንተ መቼ ራሳቸውን አይተህ!› አለችኝ። ወላሂ፣ አላየሁም ነበር።»

ከዚያ «ኮቱ፣ ኮቱ» ብለው ልጄን በኦሮምኛ ጠሯት። ሄደች። እጃቸውን አናቷ ላይ አሳርፈው ዱዓ አደረጉላት፤ እሷ ኪሳቸውን ትበረብራለች።

ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ግራው ጨብረር ብሏል፤ ቀኙም በሁለት ሳምንት አድጎ እንደ ጫማ ብሩሽ ቆሟል።

«ከየት ልጀምር ሐጂ?» አልኳቸው።

«ሁለቱንም እኩል አድርግልኝ እንጂ፣ ከፈለግክበት ጀምር» አሉኝ።

ቶንዶሱን በአልኮል ጠርጌ ሥራ ጀመርኩ። ልጄ በደንበኞች መጠበቂያ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ እንቅልፍ ወሰዳት። ተራ ሊጠብቅ የገባው ሰውዬም ሊቀሰቅሳት አልፈለገም፤ ቆሞ ጠበቀ።