የቀረችው ቆዳ

በኮንሶ የቆዳ መፋቂያ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ከኩሴ በቀር አልቀረም። ዛሬ በሬ ሲታረድ ቆዳው ገና ሳይደርቅ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ኩሴ ቤት የቀረችው አንዲት ቆዳ ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር በውኃ አርሳና ወጥራ ትፍቃታለች፤ እንግዶቹም ፊታቸው የጠረበችውን አዲስ ድንጋይ ይዘው ይሄዳሉ።

ዛሬም አስጎብኚው ኡርማሌ ብቅ አለ።

"እናቴ፣ እንግዶች ይዤ መጥቻለሁ።"

"ቆይ፣ ጨቃዬን ልጠጣ።"

"መኪና ውስጥ እየጠበቁ ነው እኮ።"

ኩሴ የማሽላ ጠላ የያዘውን ቅሏን አስቀምጣ ቆዳዋን ወደ በሩ ከፍ አደረገቻት። ከመሳሳቷ የተነሳ የኡርማሌ ጥላ በወዲያ በኩል ታያት።

"ከዚህ በኋላ ፍቄ ምን ሊተርፋት ነው?"

"ሌላ ፈልጊያ።"

"ከማን? አንተስ የበሬህን ቆዳ ለማን ሰጠኸው?"

ኡርማሌ መሬት መሬት አየ። "ብቻ ዛሬን አታሳፍሪኝ" አላት።

እንግዶቹ ከመኪናው ወርደው ሲከቧት ኩሴ ቆዳዋን ወጠረች። ድንጋዩን ጠርባ እጀታው ላይ ሰካችና ጎንበስ አለች። ከዚያ ቆዳዋን ሳትነካ፣ ከላይ ከላዩ አየሩን ትፍቅ ጀመር። እንግዶቹ ካሜራቸውን አስጠግተው ቀረጿት፤ ሲበቃቸውም አጨበጨቡላት።

ኡርማሌ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ "ነገ ደግሞ ሌሎች አሉ" አላት።