ወንበሮቹን የደረደርሁበት እሑድ

ባሕር ዳር ለማስተማር ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮም አንድ ደብተር አለኝ። የማስተምረው ሒሳብ ስለሆነ በአራት ዓምድ አስምሬዋለሁ፦ ቤቱ፣ ቀኑ፣ የሚጫወተው ሰው፣ የሚሻለው መቀመጫ። ሐሙስ አስፋልቱ ዳር ባለው ቤት ባንድ አለ። ከድምፅ ማጉያው ፊት የተቀመጠ ሰው ዘፋኟን ሳይሰማ ከበሮውን ብቻ ሰምቶ ይሄዳልና በስተግራ፣ ከምሰሶው ጀርባ መቀመጥ ይሻላል። ዓርብ ከገበያው በስተኋላ ባለች ጠባብ ቤት ክራር አለ። እዚያ የትም ቢቀመጡ ያው ነው፤ ጉልበትዎ የተጫዋቹን ጉልበት ይነካል።

የሁሉም አውራ ግን የእሑዱ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ፣ ጣና ዳር፣ አሳ በሚጠበስባት አንዲት ቤት። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የሚጫወቱት ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ አዝማሪ ናቸው፤ በየሳምንቱ ማሲንቋቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከመራዊ በሚኒባስ ይመጣሉ። እንደ ደረሱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ፀሐይ ነው። የሐይቁ እርጥበት የማሲንቆውን ቆዳ ያላላዋል፤ ቆዳው ከላላ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ለፀሐይ ይሰጡታል፤ እስኪሞቅ ድረስም እሳቸው አንድ የተጠበሰ ቀረሶ አሳ ይበላሉ። ይህም ደብተሬ ውስጥ አለ።

አንድ ነገር ላስረዳ። አዝማሪ ቤት ሰሚው ዝም ብሎ አይሰማም። “ተቀበል” ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው የተሰጠውን ቃል በቃል ይዘፍንና የራሱን መልስ ይጨምርበታል። ግጥሙ ክፉም ይሁን ደግ፣ መዝፈን ግዴታው ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ግጥም ስጽፍ ኖርሁ እንጂ አንድም ቀን ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ሰሚው ከእኔ ጋር አራት ሰው ብቻ ሆነ። እትዬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

“ቲቸር፣ እሑድን ኪቦርድ ለሚጫወት ልጅ ልሰጠው ነው። የሚመጣው ሳምንት የጋሼ መጨረሻ ነው።”

“ምነው እትዬ?”

“እኔስ ደስ ብሎኝ ነው? ለባዶ ወንበር ሊዘፍኑ ከመራዊ ድረስ ይምጡ?”

“ሰው ባመጣስ?”

“መምጣቱ ብቻ ምን ይሠራል። ቤቱ ይሙቅልኝ። ቤቱ ከሞቀ እሑድ የሳቸው ነው።”

ሽማግሌው ማሲንቋቸውን እየጠቀለሉ ሰምተው ኖሮ፣ “ይች ቤት ከቀረችብኝ ባሕር ዳር ምን ሥራ አለኝ” አሉ፤ “ጥርሴን ለመነቀል ካልሆነ።” ሳቁ። ጣታቸው ግን የነጠላውን ጫፍ ሲቋጥር ብዙ ቆየ።

ሳምንቱን ሙሉ ሠራሁ። ሃያ መምህራን ጋበዝሁ፤ የስም ዝርዝርም አዘጋጀሁ። የኬሚስትሪ መምህርቷ ዝርዝሩን አይታ፣ “አቴንዳንስ ትይዛለህ እንዴ?” አለችኝ። ከየስሙ ፊት ትንሽ ሳጥን ሥዬ ነበርና ወረቀቱን አጠፍሁት።

እሑድ ከሁሉም ቀድሜ ደረስሁ። ወንበሮቹ እንደ ልማዳቸው በየጠረጴዛው ዙሪያ ተበታትነው ነበር። ሰብስቤ በአራት ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት አምስት አድርጌ ደረደርኋቸው። እንግዶቹ ሲመጡ አስቀመጥኋቸውና ዐሥር ደቂቃ ያህል ስለ ማሲንቆ አሠራርና ስለ አራቱ ቅኝቶች ገለጻ ሰጠሁ። በመጨረሻም ሦስት ነገር አሳሰብሁ። አንደኛ፣ ስልክ ይዘጋ። ሁለተኛ፣ ወሬ የለም። ሦስተኛ፣ ግጥም መስጠት የሚፈልግ እስከ ማብቂያው ይጠብቅ፤ ለእሱ ሩብ ሰዓት ተይዟል።

ሽማግሌው ገብተው ሃያ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተሰልፎ አዩ። ተቀምጠው አንድ ዘፈን ተጫወቱ። የተነቃነቀ የለም። ሲጨርሱም የሚያጨበጭብ ጠፋ፤ ስለ ጭብጨባ ምንም ስላላልሁ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ሁለተኛውን ጀምረው መሐል ላይ ደጋኑን አነሡ።

“እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነዋል? ኀዘን አለባቸው?”

“አስተማሪዎች ናቸው” አሉ እትዬ፣ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው። ኪቦርዱ ገና ከአሁኑ ድምፃቸው ውስጥ ተሰማኝ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ደጋኑን መለሱት፦

ሰው ሁሉ ዝም አለ እንደ ፈተና ቀን፣
ለመዝፈን እጅ ላውጣ? ቲቸር ይፍቀዱልን።

ከኋላ ረድፍ የኬሚስትሪ መምህርቷ ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ሌሎቹ መመሪያ አክባሪ ስለሆኑ ጸጥ እንዳሉ ቀሩ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ምንጩን ራሴ ደፍኜ ውኃ እጠብቅ ነበር።

“ግጥም ስጥ እንጂ” አለችኝ መምህርቷ። “አንተ አይደለህ የሰበሰብኸን?”

“ሰዓቱ ገና ነው” አልሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ።

“ደወል እስኪደወል ነው?”

ተነሣሁ። ለሩብ ሰዓቷ ብዬ ያዘጋጀኋት አንዲት ግጥም ነበረችኝ፤ በየስንኙ ዐሥራ ሁለት ቀለም፣ በጣት ተቆጥራ። “ይቀበሉኝ ጋሼ” አልሁ፦

ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር የሆነ ነው፣
የተሠራው ደግሞ ከፈረስ ጭራ ነው።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ።

“አለቀ?”

“አለቀ።”

“እሺ” አሉ እንደ መተከዝ ብለው። ግዴታ ነውና ዐይናቸውን ጨፍነው ዘፈኑት። ፍቅረኛው ርቃ እንደሄደችበት ሰው “ጭራ ነው” የሚለውን አስረዝመው፣ አንቆርቁረው፣ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ከዚያ መልሳቸውን ጨመሩ፦

ፈረሱ ምን ይላል ይህንን ቢሰማ፣
ዝንብ ማባረሪያውን ለዘፈን ተቀማ።

ሁለተኛው ስንኝ አንድ ቀለም ይተርፈዋል። ከእኔ በቀር የቆጠረ አልነበረም። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። መጀመሪያ የፈረሰው ሦስተኛው ረድፍ ነው፤ አንዱ ወደ ማሲንቆው ለመጠጋት ወንበሩን ሲጎትት የጎኑ ሰው ተከተለው። መምህርቷ ስለ እኔ የስም ዝርዝር ግጥም ሰጠች፤ እዚህ አልጽፈውም። የስፖርት መምህሩ ስለ እሷ ሰጠ። በረንዳ ላይ አሳ ይበሉ የነበሩ ሁለት አሳ አጥማጆች ሳህናቸውን ይዘው ገቡና ከመምህራን ሁሉ የተሻለ ግጥም ሰጡ፤ እኔም ማንንም ወሬ አቁም አላልሁም። ደብተሬን ለመጻፍ አወጣሁና የማጨበጭብበት እጅ ሲያጥረኝ ተቀመጥሁባት።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐይቁ ደም ሲመስል ሽማግሌው ማሲንቋቸውን ጠቀለሉ። እትዬ መጡ።

“ጋሼ፣ የሚመጣው እሑድ በጊዜ ይምጡ። ያን ልጅ ቅዳሜ አደርገዋለሁ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተም ና። ገለጻህን ግን ቤትህ ተወው። ወንበሮቼን ደግሞ እንደ ነበሩ መልስልኝ።”

ሽማግሌውን እስከ ሚኒባሱ ሸኘኋቸው።

“ልጄ፣ ያችን የፈረስ ግጥምህን መራዊ ልወስዳት ነው” አሉኝ።

“መጥፎ ግጥም አይደለች ጋሼ?”

“መጥፎ ናት” አሉ ሚኒባሱ ውስጥ እየገቡ፤ “ግን እዚያ ፈረስ የሚያውቅ ሰው አለ፤ መልሱን ያሳምርልኛል።”

ተመልሼ ወንበሮቹን በየጠረጴዛው ዙሪያ በተንኋቸው። እንደ ነበሩ ማድረጉ ከመደርደሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።