ሲሚንቶ የበላው እጅ

የቫዝሊን ሽታ ዛሬም ወደዚያ ጠዋት ይመልሰኛል። የባሌን እጅ እየቀባሁ ነበር። «ቀስ በይ እንጂ፣ ግድግዳ የምትለስኚ መሰለሽ?» አለኝ እየሳቀ። ወጣ። ከቀትር በኋላ ከሕንፃ መወጣጫ ወድቆ ሞተ አሉኝ።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መጣ ተብሎ ፎቅ እንደ አሸን በፈላበት ዘመን ግንበኛ ነበር። ወጣቶች ነበርን። መጀመሪያ ጣቶቹ መሐል ቀላ፣ አሳከከው፤ ቀጥሎ ተሰነጣጥቆ ይደማ ጀመር። አክስቱ «ጭርት ነው፤ በረኪና ይገድለዋል» አሉ። እሺ ብሎ ነከረው። ያንን ሽታ አልረሳውም፤ በረኪናው የተረፈውን ቆዳ ገሸለጠው።

በሚካኤል ማኅበር ቀን ወጥ ይዤ ስገባ፣ ከልጅነቱ አብረውት የበሉት ሰዎች ገበታውን ከበዋል፤ እሱ ጥግ ላይ ሳህን ይዞ ለብቻው ተቀምጧል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ «አትቀየመን ወንድሜ፣ ልጆች አሉን» አሉት። አንዱ ደግሞ «እጅህን ለግንቡ ተወውና ማንኪያ እናምጣልህ!» አለ። ሳቁ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ በላ።

በማግስቱ ልጃችንን አዝዬ፣ እሱን ጎትቼ ዳንግላ ጤና ጣቢያ ወረድን። ጤና መኮንኗ እጁን ያለ ጓንት ይዛ አገላብጣ አየችው፤ ልጃችንም ክርኗን ያሳክካት ነበርና እሷንም አየቻት። «ችፌ ነው» አለች። «ችፌም ዓይነት አለው። የልጅቷ ክርን መታጠፊያ ላይ ያለው አብሯት የተፈጠረ ነው፤ የእሱ ከሲሚንቶው የመጣ። ጭርት ይጋባል፤ ይህ ግን ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። በረኪናውን ድፉት፤ ሲሠራ ጓንት ያጥልቅ፤ ቆዳው አይድረቅ።»

እየሮጥኩ ለሙሴው ነገርኳቸው። «አባባ፣ አይጋባም!» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሐኪም ስንቱን ይላል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እጁ እየዳነ ሄደ፤ ሥራውን ስላልተወ ግን ጨርሶ አልተወውም። ሳህኑም እስኪሞት ድረስ ለብቻው ቀረበ።

በለቅሶው ሁሉም መጡ። ድንኳኑ ውስጥ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተጋፍተው እየበሉ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር» ተባባሉ። ያን ጊዜ ገበታውን ብገለብጠው ኖሮ! አለመገልበጤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን ማኅበሩን ትቻለሁ። በሚካኤል ዕለት ከልጄ ጋር ከአንድ ትሪ እበላለሁ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ የምታጎርሰኝ እሷ ናት።